ጸናጽሏን ያቀላኋት እኔ ነኝ

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። የልጅ ልጄ ምንታምርና ሁለቱ የአባቷ እኅት ልጆች፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ እንደ ጥጃ ስቦርቅ አዩኝና «እማዬ ምን አገኘሽ? ንገሪን እንጂ» እያሉ ሳምንት ሙሉ ነዘነዙኝ። ትስቁብኛላችሁ ብዬ ዝም አልኳቸው። ውሸቴን ነው። የፈራሁት ሳቃቸውን አይደለም፤ ከሰሙ በኋላ ዝም ማለታቸውን ነው።

በአፌ ልጀምረው ስል ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ በምንታምር አሮጌ ደብተር ላይ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት በመንገድ ነው፣ ከጭነት መኪና በርና ከስኳር ጆንያ ላይ። ፊደሌ ቢንጋደድ እለፉት። ነገሩን ግን አላንጋድደውም።

ይህ ነገር ከአንዲት ሴት በቀር በሰው ጆሮ ገብቶ አያውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። በየጾሙ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ አማሁ፣ ተቆጣሁ፣ ሳላስብ ጾም ገደፍኩ እላለሁ፤ ይችን ግን እንደ ፍም በነጠላዬ ሸፍኜ እነሣለሁ። ስንት ዓመት? ምንታምርን የወለደችው ልጄ ያኔ ጡት ትጠባ ነበር፤ እናንተው አስሉት። አሁን የነፍስ አባቶቼ እናንተ የምታነቡት ናችሁ። መስቀል ባትይዙም ስሙኝ።

የሠራሁት ይህ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጸናጽል ባትሪ ውኃ ውስጥ የነከርኩ እኔ ነኝ። መልኳን ያጠፋሁ እኔ ነኝ። በእኔ ጥፋት ሰው ሌባ ሲባል ቆሜ ያየሁ፣ አላየሁም ብዬም የማልኩ እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ባለ ሎሚዋ ነበር የሚሉኝ። ከአባይ ቆላ ሎሚ በጀርባዬ አዝዬ ዳገቱን እወጣና መካነ ሰላም ገበያ እዘረጋለሁ። ሲያሻኝ ወደ ከላላ፣ ሲያሻኝ ወደ ወረኢሉ እዘልቃለሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር፤ ዛሬም አልረጋ። ከሎሚው ሌላ አንድ ሙያ ነበረኝ፤ የጠቆረ ጌጥ ማንጻት። የሴቶቹን ጉትቻ፣ የአንገት መስቀል፣ አምባሩን ሁሉ በሎሚ አርሼ በአመድ አሽቼ አዲስ አደርገዋለሁ። ሎሚው ጥቁሩን ይበላል፣ አመዱ ይጠርጋል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ለዚህ ሥራ የምቀመጠው ጋሽ ደምሌ ደጅ ነበር።

ጋሽ ደምሌ አንጥረኛ ናቸው። ማረሻ ይቀጠቅጣሉ፣ የተሰበረ መስቀል ይበይዳሉ። ሰውዬው ቀልድ አይጠፋቸውም። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣች! ሳልቀምሰው ጥርሴን የምታጠርሰዋ መጣች» ይላሉ፤ ሚስታቸው እትዬ ዘነበችም ከጓዳ ሆነው ይስቃሉ። የአገሬው ሰው ግን ማረሻውን ከእጃቸው ይቀበል እንጂ ከማዕዱ አያስጠጋቸውም። ልጁን ባመመው ቁጥር ቀና ብሎ የሚያየው ወደ እሳቸው ቤት ነበር። አንጥረኛን ምን እንደሚሉት ታውቁታላችሁ፤ እኔ ቃሉን አልጽፈውም።

በዚያ ዓመት ልጄን ወለድኩ። አባቷ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እንደ ወረደ ወሬውም አልመጣ። በወለድኩ በሁለት ወሬ ልጄን አዝዬ ገበያ ወጣሁ። ሆድ ሰማንያ ቀን አይጠብቅም። ሴት ልጅ የወለደች እናት ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ልጇ ክርስትና ሳትነሣ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ይህንን ያዙልኝ፤ የዋሸሁት እሱን ፈርቼ ነው።

የደብራችን ዓመታዊ በዓል ሲቃረብ ካህናቱ በማሕሌት ከሚያንሿሽዋቸው ጸናጽሎች አንዷ ዘንጓ ተሰበረ። ይቺ ከሌሎቹ ትለያለች። ቢጫ ናስ ናት፣ ፀሐይ ሲነካት ዓይን ትወጋለች፤ ሽማግሌዎቹ ወርቅ ገብቶባታል ይሉ ነበር። ለጋሽ ደምሌ መጣች፣ ጠገኗት፤ እሳቱ ግን እንደ ምጣድ ቂጥ አጠቆራት። ልትነጻ ሲገባ፣ ለጋምቦ ያሉት አጎታቸው ሞቱ የሚል መርዶ መጣ።

«ይመኙ» አሉኝ። ስሜ ይመኙሻል ነው። «እኔና ዘነበች ለቀብር መሄዳችን ነው። ይችን በሎሚ አንጺና በጨርቅ ጠቅልለሽ ሣጥኔ ውስጥ አኑሪያት። ከነገ ወዲያ ዲያቆኑ መጥቶ ከሣጥኑ ይወስዳታል፤ ነግሬዋለሁ።»

«እኔ? እኔኮ ሰማንያዬ አልሞላም፣ ጋሼ። የማሕሌት ዕቃ እንዴት እነካለሁ?»

«ጸናጽል እንጂ ጽላት መች ሰጠሁሽ? ደግሞ እመቤታችንስ ወልዳ አይደል? ሥሪ ዝም ብለሽ። ለሰው ግን አታውሪ።»

ይህን ብለው በቅሎ ተከራይተው ሄዱ።

በዚያ ሳምንት አንዲት ሎሚ እንኳ አልነበረኝም። ያለ ወቅቱ የዘነበ ዝናብ የቆላውን ቁልቁለት ንዶት ከታች የሚወጣ ሰው ጠፍቷል። በጠላ አተላ ሞከርኩ። በእርሾ ሞከርኩ። ጥቁሩ ንቅንቅ አላለም። ነገ ዲያቆኑ ይመጣል፣ እኔ ሎሚ የለኝም። ያኔ ነው መናኸሪያው አጠገብ የቆመው የተበላሸ ጭነት መኪና ትዝ ያለኝ። መካኒኩ ከሁለት ቀን በፊት ባትሪውን ፈቶ ውኃውን ሲቀይር ሎሚ ሊገዛኝ መጥቶ ነበር። ስለሌለኝ ሳቀብኝና «የኔ ይሻላል፣ ካንቺ ሎሚ መቶ እጥፍ ይኮመጥጣል፤ አንዲት ጠብታው ነጠላሽን ወንፊት ያደርገዋል» አለኝ።

ሌላ ሰው ይህን ቢሰማ ይሸሻል። እኔ ግን ሎሚ ሻጭ ነኝ! ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ኮምጣጣው በበረታ ቁጥር ጥቁሩ ቶሎ እንደሚለቅ ነው። ኮምጣጣ ኮምጣጣ ነው አልኩ። ሎሚ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ይህ በአንድ አፍታ ይጨርሰዋል አልኩ። ሄጄ በጠርሙስ ለመንኩት። «ምን ልታደርጊበት ነው? እጅሽን እንዳታስነኪው ብቻ» አለ፤ ሰጠኝ።

ጋሽ ደምሌ ግቢ ተመልሼ አንድ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አነሣሁ። ጸናጽሏን አስገባሁ። ያንን ውኃ አፈሰስኩበት።

ሳልዋሽ ልንገራችሁ፤ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ጣሳው ነፍስ ዘራ! ከግድግዳው እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የደቀቀ አረፋ እየተንጠለጠለ፣ እየተገፋፋ ወደ ላይ ይፈልቃል። ሽውታው ጉሮሮዬን ከነከነኝ፣ አሳለኝ፤ እኔ ግን እስቃለሁ። ጥላሸቱ እንደ ጉም ሲገፈፍ በዓይኔ አየሁ። እሰይ የኔ አንበሳ አልኩት ውኃውን። ከዚህ በኋላ ከቆላ ሎሚ ተሸክሜ ዳገት አልወጣም አልኩ። ልጄ አለቀሰች፣ ራቅ ብዬ አጠባኋት፣ አስተኛኋት። ተመልሼ ስመጣ ጣሳው በቂጡ ማፍሰስ ጀምሯል። ጸናጽሏን በእንጨት አወጣኋት።

ቀይ ሆናለች። እንደ አዲስ የመዳብ ሽቦ ቀይ።

ውኃ አፈሰስኩባት፤ ቀይ። ጨርቅ አስነካኋት፤ ቀይ። ጣቶቼን ለበለበኝ። የደብሩን ወርቅ በልቶት መዳቡን የተወልኝ መሰለኝ። በአመድ ላሻት ብዬ ዘግኜ ነበር፤ ከነካካኋት የቀረችውም ትሟሟለች ብዬ አመዱን መልሼ ደፋሁት። ያንን አመድ መድፋቴን አስቡልኝ። ያንን አመድ!

ምን ማድረግ እችል ነበር? ዲያቆኑን ቆሜ ጠብቄ ጥፋቴን መናገር እችል ነበር። ሣጥኑን ቆልፌ ጋሽ ደምሌ እስኪመለሱ ድረስ ዕቃው አልደረሰም ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ጣሳውን ከግቢው ጥግ ቀበርኩ። ጸናጽሏን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቀለልኳት፣ ሣጥኑ ውስጥ አኖርኳት፣ ከደንኩት። ከዚያ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ያየኝ ሰው የለም። ዲያቆኑም በነጋታው መጥቶ እንደተጠቀለለች ወሰዳት።

በበዓሉ ቀን እኔ ከቅጥሩ ውጭ ነበርኩ። መሪጌታው ጨርቁን ሲፈቱት ማሕሌቱ ጸጥ አለ አሉ። ወሬው ከእኔ ፊት ደረሰ፤ ወርቋ ተለውጣለች፣ አንጥረኛው ለቅርስ ነጋዴ ሸጦ በመዳብ አምሳያዋን ሠርቶ መልሷል። ቅርስ የሚያሳድዱ ነጋዴዎች በዚያ ሰሞን በየደብሩ ይዞሩ ነበርና ሰው ለማመን አልተቸገረም። ጸናጽሏ ዕቃ ቤት ገብታ ተቆለፈባት።

በሚቀጥለው እሑድ አውጫጭኝ ተጠራ። ዕቃ ሲጠፋ የአገሬው ሰው ከዛፍ ሥር ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ባለ ጎጆ ተራ በተራ እየተነሣ ያየውንና የሰማውን በመሐላ የሚያወጣበት ልማዳችን ነው። ባል አጠገቤ ስለሌለ እኔም እንደ አባወራ ተራ ያዝኩ። ልጄ በጀርባዬ ናት።

ጋሽ ደምሌ ከለጋምቦ ከተመለሱ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር፤ የለቅሶ ልብሳቸውን አልለወጡም። ከመሐል ቆሙ። አንዱ «ድሮስ ሌሊት ከጅብ ጋር የሚያድር ቀን ምን ይሠራል?» አለና ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቁ አየኋቸው። ጸናጽሏን አንድ ጊዜ አሳዩኝ አሉ።

አንድ ሽማግሌ ተነሡና «አንዴ አይተሃት ነው እንዲህ የሆነችው፤ ዳግመኛ ዓይንህን አታሳርፍባትም» አሏቸው።

ስለዚህ አላዩዋትም። ቀይ መሆኗን በወሬ እንጂ በዓይናቸው አላዩም። ከዚያ ዋናውን ጠየቋቸው፤ ዕቃዋ ከአንተ ሌላ በማን እጅ ገብታ ነበር?

ጋሽ ደምሌ ሰዉን ዞር ብለው ቃኙት። ዓይናቸው እኔ ላይ ደረሰ። ከእኔ ፊት ወደ ጀርባዬ፣ ወደ ልጄ ራስ ሄደ። ያልነጻች ሴት የማሕሌት ዕቃ ነክታ አበላሸች ቢባል ምን ይውጠኛል? ልጄስ ክርስትና ትነሣ ይሆን? ማን ሎሚ ይገዛኛል? ይህን ሁሉ ያሰብኩት እሳቸው ዓይናቸውን ከልጄ ላይ ሳያነሡ ነው።

«ከእጄ አልወጣችም» አሉ። «ሌላ ሰው አትጠይቁ።»

ሌላ ሰው ግን ተጠየቀ፤ ሥርዓቱ ነውና። ተራዬ ደረሰ። ተነሣሁ። አይቼ ብደብቅ ዓይኔን፣ ሰምቼ ብደብቅ ጆሮዬን ይንሣኝ አልኩ። አላየሁም፣ አልሰማሁም አልኩ። ተቀመጥኩ። ዓይኔም ጆሮዬም እስከ ዛሬ ደህና ናቸው፤ መርፌ ክር አስገባለሁ። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ከዚያ በኋላ ማረሻ የሚያመጣላቸው ጠፋ። እትዬ ዘነበች ምንጭ ሲወርዱ ሴቶቹ እንስራቸውን ይሰበስባሉ። እኔም ከሴቶቹ ጋር እንስራዬን ሰበሰብኩ። አዎ፣ እኔም! ክረምት ሳይገባ ወናፋቸውንና መዶሻቸውን በአህያ ጭነው ወደ ደጎሎ አቅጣጫ ተሰደዱ። በገበያው ዳር ሲያልፉ አዩኝ። «ደህና ሁኚ ባለ ሎሚዋ» አሉኝ። አንድ ሎሚ አንሥቼ ያዝኩ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

ልጄ ክርስትና ተነሣች፣ አደገች፣ ወለደች። እኔም ዞርኩ። ያልረገጥኩት ገበያ የለም፤ ደጎሎን ብቻ ዞሬ አልፋት ነበር። የዚያ አካባቢ ሰው ሎሚ ሊገዛኝ ሲመጣ እንኳ የአንጥረኛውን ቤት ታውቃለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። መልሱን ፈራሁ።

እንግዲህ ወደዚያ ወደ ዘለልኩበት ቀን ልምጣ።

ምንታምር አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ፈተና ሲደርስ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ሽሮ ክክ እየለቀምኩ እሰማታለሁ። አንድ ቀን ደብተሯን አጠፈችና «እማዬ፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚያንሰው ሃይድሮጅን ነው» አለችኝ። «አንዲት ኤሌክትሮን ብቻ ናት ያለችው። እሷን ሲያጣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይሆናል። አንድን ነገር የሚያኮመጥጠው እሱ ነው።»

«የቱን ነገር?»

«ኮምጣጣውን ሁሉ።»

«ሎሚም?»

«ሎሚም። እርሾውም፣ እርጎውም።»

ክኩን አስቀመጥኩ። «የባትሪ ውኃስ ልጄዋ?»

«እሱማ ዋናው ነው። ሎሚው በስስት በስስት ነው የሚለቀው፤ የባትሪው አሲድ ያለውን ሁሉ ይዘረግፈዋል።»

ምን ልበላችሁ? ዕድሜዬን ሙሉ በጀርባዬ ተሸክሜው ዳገት የወጣሁት እሱን ነው ለካ! ሸጬዋለሁ፣ ልሼዋለሁ፣ ጉትቻ አንጽቼበታለሁ፤ ስሙን ግን አላውቅም ነበር። አንዲት ብቻ ያለችው፣ እሷን ሲያጣ የሚኮመጥጥ። እኔም አንዲት ልጅ ብቻ ናት ያለችኝ፤ ገባኝ፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ በፊት የገባኝ መሰለኝ። ታዲያ የጠቆረ ናስ እዚያ ውስጥ ቢገባ ይቀላል ወይ አልኳት፤ ለምን እንደጠየቅሁ ሳልነግራት። አላወቀችም፤ መምህሯን እጠይቃለሁ አለች። ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ።

በአራተኛው ቀን በወረቀት የጠቀለለችውን ይዛ መጣች። የአሮጌ ቁልፍ ናስ ነው። መምህሯ መጀመሪያ በእሳት አጥቁረው፣ ከዚያ አሲድ ባለበት ብርጭቆ ጨመሩት። ጥቁሩ ለቀቀ እንጂ አልቀላም። ሚስማር አብረው ሲጨምሩበት ግን፣ ወረቀቱን ፈታችው፣ ያው ቀይ። ያው የዚያን ቀን ቀይ! ክኩ ከነሰፌዱ ከጭኔ ወደቀ።

«ሃይድሮጅኑ ያጣትን ኤሌክትሮን ከብረቱ ይነጥቃል» አለችኝ ምንታምር። «ሲያገኛት ጋዝ ሆኖ በአረፋ ይወጣል። ከጥቁሩ የሟሟው መዳብም እንደዚያው ከብረቱ ይወስድና ተመልሶ ናሱ ላይ ይለጠፋል። ብረት ባይኖር አይቀላም ነበር።»

ጣሳው! ጣሳዬ ብረት ነበር! የሸክላ ገበቴ ባነሣ ኖሮ፣ ብርጭቆ ባነሣ ኖሮ። «ታዲያ ቢጫው የት ሄደ?» አልኳት።

«የትም። ከሥሩ ነው ያለው። ቀዩ ከወረቀት የሳሳ ነው።»

ከምድጃው አመድ ዘገንኩ። ቁልፉን አሸሁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ በሦስተኛው ቢጫው ብቅ አለ። ያኔ ነው የዘለልኩት። ያኔ ነው ልጆቹ ያዩኝ። አልተለወጠችም! አልተሰረቀችም! ሃይድሮጅን ከብረት የነጠቀው እንጂ ሰው ከደብሩ የነጠቀው የለም! እየዘለልኩ ሳለሁ ያ የደፋሁት አመድ ትዝ አለኝ። ሁልጊዜ የማደርገውን፣ እጄ ሳላዝዘው የሚያውቀውን ያንን ማሸት ባሸሁ ኖሮ ሁሉም እዚያው ያልቅ ነበር።

በማግስቱ ወደ ደብሩ ሄድኩ። ቄሰ ገበዙ ያን ጊዜ ያልተወለዱ ወጣት ናቸው። ዕቃ ቤት የተቀመጠች ቀይ ጸናጽል አለች፣ ጠርዟን በአመድ ያሹልኝ አልኳቸው። ግራ ገባቸው፣ ግን አሿት። ከጠርዟ እንደ ንጋት ቢጫ ወጣ። አማተቡ፣ ከዚያ በደስታ ደወል ሊደውሉ ምንም አልቀራቸው። የዚያ አንጥረኛ ስም በአውደ ምሕረት ይነሣለታል አሉ። እንዴት አወቅሽ ሲሉኝ፣ የልጅ ልጄ ከተማሪ ቤት አመጣችው አልኩ። እዚያም ሸሸሁ! የነከርኳት እኔ ነኝ ለማለት አፌ ውስጥ ነበር፤ ዋጥኩት። ለዚህ ነው ይህ ደብተር ለእሳቸውም የሚደርሰው፤ የጋሽ ደምሌን ስም ሲያነሡ የእኔንም አብረው ያንሡት።

በዚያው ሳምንት እስከ ወረኢሉ በአውቶቡስ፣ ከወረኢሉ ደጎሎ በሚኒባስ ሄድኩ። ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ ቁልፍ በቀሚሴ ጫፍ ተቋጥሯል። መንገዱን ሁሉ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ጋሽ ደምሌ፣ አልተሰረቀችም፤ ጋሽ ደምሌ፣ ይኸው ይዩት፤ ጋሽ ደምሌ፣ ሃይድሮጅን የሚባል አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «አብሽሪ እናቴ፣ በኸይር ነው?» አለችኝ። በኸይር ነው፣ በኸይር ነው አልኳት፤ እጇን ይዤ ሳምኩት።

አሁን ሰበብ አልደረድርም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ እናት ነበርኩ። አላወቅሁም አልልም፤ ኬሚስትሪውን አላወቅሁም እንጂ ሣጥኑን የከደነው እጅ የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ጸናጽሏን ያቀላው ስሕተት ነው፤ ማንም ሎሚ ሻጭ ሊሳሳተው ይችላል። እሷን ደብቄ መውጣቴ፣ መማሌ፣ እንስራዬን መሰብሰቤ ግን ስሕተት አይደለም፤ እኔ ነኝ። ሳይንስ ጸናጽሏን አነጻት። እኔን አያነጻኝም፤ እንዲያነጻኝም አልጠይቅ።

እትዬ ዘነበችን ደጃቸው ላይ ስንዴ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። «ባለ ሎሚዋ ነሽ?» አሉ። ጋሽ ደምሌስ ስላቸው፣ ካረፉ ሁለት ክረምት አለፋቸው አሉኝ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰማንያ ቀኔን፣ ጣሳውን፣ አረፋውን፣ አመዱን፣ መሐላውን። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አኖርኩ፤ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። እግራቸው ላይ ወድቄ አፉ በሉኝ አልኩ። ከዚያ ክንዴን ይዘው አነሡኝ።

«እኔ አፉ ብየሻለሁ» አሉ። «የሱን ግን ከኔ አትፈልጊው፤ እሱ ያን ጊዜውኑ ጨርሶታል።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የሚከተለው ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

«እሱኮ አንቺ ለነጋዴው ሸጠሻት በምትኳ የመዳብ አምሳያ የተቀበልሽ መስሎት ነው የሞተው። እዚያ ዛፍ ሥር ሲቆምም እንደዚያ መስሎት ነው። አህያውን እየነዳን ስንሰደድ ‹ሌባዋን እያወቅህ ለምን ዝም አልክ?› ብዬ ጮኽኩበት። ‹የሕፃኗን አንገት አላየሽውም? እንደ ክር ቀጥኖ› አለኝ። ‹ሸጣት ከሆነ ደግ አደረገች። እናቲቱ ትበላለች፣ ጡቷ ወተት ይይዛል።›»